አዲሱ ፕሮሰሰር ሳይወጣ ለጌም ይጠቅመኛል ወይ ብሎ መመዘን

ጥያቄ፦ «ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4-3200 ራም፣ አርቲኤክስ 3070 ግራፊክስ ካርድ እና 1440ፒ፣ 165 ኸርዝ ሞኒተር አለኝ። በብዛት የምጫወተው ካውንተር-ስትራይክ 2 እና ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ነው። በቅርቡ ይወጣል የተባለው ስምንት ኮርና ትልቅ ካሽ ያለው ፕሮሰሰር በጌም ካለፈው ትውልድ በአማካይ 15 በመቶ ይፈጥናል ተብሏል። አስቀድሜ ልዘዘው? ወይስ አሁን ያለውን ልግዛ?»

ምላሽ፦

አስቀድመው አይዘዙ። አሁን ያለውንም ነገ አይግዙ። 15 በመቶ የተባለው ቁጥር ትክክል ቢሆን እንኳ ለእርስዎ ዜሮም ሰባም ሊሆን ይችላል። ኩባንያው ያነጻጸረው ከባለፈው ትውልድ ቺፕ ጋር ነው፣ የእርስዎ 5600 ግን ከዚያም በፊት የነበረ ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚለካውም ብዙ ጊዜ በወቅቱ ካለው ትልቁ ግራፊክስ ካርድ ጋር እንጂ ከ3070 ጋር አይደለም። ቺፑ እስኪወጣ በእጅዎ ያለው ሥራ የራስዎን ማሽን መለካት ነው። ይህ ቁጥር ከሌለዎት የትኛውም ግምገማ ሲወጣ ለእርስዎ ምን እንደሚል ማወቅ አይችሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፍሬም (በስክሪኑ ላይ የሚታይ አንድ ምስል) ሁለት ቦታ ያልፋል። ፕሮሰሰሩ የጨዋታውን ዓለም ያሰላል፣ ምን እንደሚሳል ያዘጋጃል፤ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ይስላል። ሁለቱም የየራሳቸው ጣሪያ (በሰከንድ ሊያወጡት የሚችሉት የፍሬም ብዛት) አላቸው፣ በስክሪኑ ላይ የሚያዩት ከሁለቱ ያነሰውን ነው። አዲስ ፕሮሰሰር የሚያነሳው አንዱን ጣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም ጣሪያዎች ለየብቻ ማግኘት ይኖርብዎታል።

ከመለካትዎ በፊት ግን በነጻ የሚገኝ ፍጥነት እየባከነ አለመሆኑን ይመልከቱ። ታስክ ማናጀር ውስጥ የሜሞሪ ገጹን ይክፈቱ። ፍጥነቱ 3200 ካላለ፣ ለምሳሌ 2133 ወይም 2400 የሚል ከሆነ፣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሶፍትዌር) ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያሠራ ቅንብር፣ አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ዲኦሲፒ ይባላል) አልተከፈተም ማለት ነው። 16 ጊጋባይቱ አንድ ነጠላ ስቲክ ከሆነም ራሙ የሚሠራው በአንድ ቻናል ነው፤ ሁለት ባለ 8 ስቲክ፣ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ቀዳዳ መሆን አለበት። ብዙ «ፕሮሰሰሬ ደከመ» የሚል አቤቱታ እዚህ ላይ ያልቃል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ቪሲንክን (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት ጋር የሚያስተሳስረውን)፣ የጌሙን የፍሬም ገደብ እና የፍሬም ጄኔሬሽን ዓይነት ቅንብሮችን ሁሉ ያጥፉ። ጂሲንክ (ሞኒተሩን ከካርዱ ጋር የሚያስማማው)፣ ቪሲንክና ሪፍሌክስ (መዘግየት የሚቀንሰው) አንድ ላይ ሲበሩ ፍሬሙን ራሳቸው ከ165 ዝቅ አድርገው ይይዙታል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ፕሮሰሰሩ እዚያ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ፍሬም ጄኔሬሽን ደግሞ በተሳሉት ፍሬሞች መሃል ሌላ እያስገባ የሚታየውን ቁጥር ያበዛል እንጂ ፕሮሰሰሩ የሚያዘጋጀውን ፍሬም አይጨምርም። ከዚያ ፍሬም የሚለካውን ፕሬዘንትሞን ወይም ካፕፍሬምኤክስ ይጫኑና በሚጫወቱበት ቅንብር፣ በ1440ፒ፣ ለ60 ሰከንድ አንድ ቦታ ላይ ይቅዱ። ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ በፊት ግን ያንኑ ቦታ አንድ ጊዜ ሳይቀዱ ይለፉበት፤ ሼደሮች (ካርዱ የሚስልባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) ገና እየተዘጋጁ ስለሚሆን የመጀመሪያው ዙር መንተፋተፍ ያሳያል።

ዋናው ቁም ነገር ሦስቱም ቅጂ አንድ ዓይነት ትዕይንት መሆኑ ነው። በካውንተር-ስትራይክ የቀጥታ ግጥሚያ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም፤ ጭስና እሳት የሚፈነዳበት የወርክሾፕ መለኪያ ማፕ ይጠቀሙ። በፍላይት ሲሙሌተር አንድ ትልቅ ኤርፖርት፣ አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ሰዓት፣ ከተዘጋጁት የአየር ሁኔታዎች አንዱን ይምረጡ። የቀጥታ ትራፊክና የቀጥታ አየር ሁኔታን ያጥፉ፤ በአውቶፓይለት ወደ ማረፊያው ሲቃረቡ ያለውን ደቂቃ ይቅዱ። ይህ ጌም መልክዓ ምድሩን ከኢንተርኔት ስለሚያወርድ፣ በመጀመሪያው ዙር የሚታየው መቆራረጥ የመስመርዎ እንጂ የፕሮሰሰርዎ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ ሌላውን ምንም ሳይነኩ ሬዞሉሽኑን ብቻ ወደ 720ፒ ዝቅ አድርገው ይድገሙት። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ሬዞሉሽኑን ሲያወርድ አብሮ ሁሉን ቅንብር «ሎው» ያደርጋል። የዕይታ ርቀት፣ የሕዝብና የትራፊክ ብዛት፣ የመሬት ዝርዝር ደረጃ፣ ሬይ ትሬሲንግም ጭምር፣ ለፕሮሰሰሩም ሥራ ይጨምራሉ። እነሱን ካወረዱ የለኩት የሚጫወቱትን ጌም ጣሪያ አይደለም። በ720ፒ የሚያገኙት ቁጥር የፕሮሰሰርዎ ጣሪያ ነው።

ለማሳያ ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። በአንድ ጌም በ1440ፒ 110 ፍሬም፣ የግራፊክስ ካርዱ አጠቃቀም 98 በመቶ፣ በ720ፒ ደግሞ 150 ፍሬም አገኙ እንበል። የፕሮሰሰሩ ጣሪያ 150፣ የካርዱ 110 ነው። በእጥፍ የሚፈጥን ፕሮሰሰር ቢገጥሙ በ1440ፒ የሚያዩት ያው 110 አካባቢ ነው። በሌላው ጌም በ1440ፒ 48 ፍሬም፣ የካርዱ አጠቃቀም 60 በመቶ፣ በ720ፒ 49 ፍሬም ሆነ። ሬዞሉሽኑ ወርዶ ቁጥሩ አልተነቃነቀም፤ ካርዱ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። የካርዱን ጣሪያ በግምት ለማወቅ 48ን ለ0.6 ያካፍሉ፣ 80 ይመጣል። ካርዱ ሥራ ሲቀልለው ክሎኩን (የሥራ ፍጥነቱን) ስለሚያወርድ ግምቱ ሻካራ ነው፣ ሆኖም ለውሳኔ ይበቃል። እዚህ ላይ ፈጣን ፕሮሰሰር ከ48 እስከ 80 ድረስ የሚሰጠው ነገር አለ፣ ከዚያ በኋላ ካርዱ ይይዘዋል።

ታስክ ማናጀር የሚያሳየውን የፕሮሰሰር አጠቃላይ መቶኛ ግን አይመኑት። 5600 ስድስት ኮርና 12 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚካሄዱ የሥራ መስመሮች) ስላለው አንድ ትሬድ ሙሉ በሙሉ ተጨናንቆ ሌላው ቢያርፍ የሚታየው 8 በመቶ አካባቢ ነው። ፍላይት ሲሙሌተር ዋናውን ሥራ በአንድ ትሬድ ላይ ስለሚያከማች «ፕሮሰሰሬ 30 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው» የሚል ሰው በእውነቱ በፕሮሰሰር የታነቀ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው የግራፊክስ ካርዱ መቶኛ ነው፦ ገደብ ሳይኖር ከ95 በታች ከዋለ ችግሩ ከፕሮሰሰር ወይም ከራም ወገን ነው።

15 በመቶ ወደሚለው የኩባንያው የማስታወቂያ ስላይድ እንምጣ። የማስታወቂያ ቁጥር ሁሌም ውሸት አይደለም። ኤኤምዲ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲን በኅዳር 2024 ሲያወጣ ከ7800ኤክስ3ዲ በአማካይ 8 በመቶ ይፈጥናል አለ፤ ገለልተኛ ግምገማዎች ያገኙት ከዚያ ብዙም አልራቀም። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጡት መደበኛዎቹ የዜን 5 ቺፖች ግን በክሎክ የሚሠሩት ሥራ በአማካይ 16 በመቶ ጨምሯል ተብሎ ተነግሮላቸው፣ በጌም ካለፈው ትውልድ የነበራቸው ልዩነት በብዙ ግምገማ ትንሽ ሆኖ ተገኘ፤ ካሽ (ኮሮቹ አጠገብ ያለ ፈጣን ማከማቻ) የተደረበበት አሮጌው 7800ኤክስ3ዲም በጌም ከፊታቸው እንደቀደመ ቀረ። በጥቅምት 2024 የወጣው የኢንቴል ኮር አልትራ 9 285ኬ ደግሞ በነጠላ ኮር መለኪያ ከ14900ኬ የተሻለ ሆኖ ሳለ በብዙ ጌም ከእሱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ምክንያቱ በአብዛኛው የራም መዘግየት ነው፦ የራም መቆጣጠሪያው ኮሮቹ ካሉበት ቁራጭ ተነጥሎ ሌላ ቁራጭ ላይ ተቀመጠ፣ መረጃ ሲፈለግ መንገዱ ረዘመ። በኋላ የመጡት የማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ሶፍትዌር) እና የዊንዶውስ ማሻሻያዎች ጥቂት አስተካከሉ እንጂ ደረጃውን አልቀየሩም።

ከዚህ የምንይዘው ነገር፣ ሾልኮ የወጣ የጊክቤንች (የፕሮሰሰር መለኪያ ፕሮግራም) ውጤት ለጌም ገዢ ብዙም አይነግረውም። የሙከራ ናሙና በመጨረሻው ክሎክ ላይሠራ ይችላል፣ ራሙም አይታወቅም። ከሁሉም በላይ መለኪያው ጌም የሚያደርገውን፣ ማለትም በተበታተነ መረጃ ላይ ደጋግሞ መመላለስን፣ በበቂ አይፈትንም። ጌም ካሽ የሚወደውም ለዚሁ ነው። ኤል3 (ትልቁ የካሽ ደረጃ) ላይ የተገኘ መረጃ በ10 ናኖሰከንድ አካባቢ ይደርሳል፤ ራም ድረስ ከተሄደ ግን 70 ናኖሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ በ5 ጊጋኸርዝ ኮሩ 350 ክሎክ ያህል ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። 5800ኤክስ3ዲ በሚያዝያ 2022 ሲወጣ የላይኛው ክሎኩ 4.5 ጊጋኸርዝ ነበር፣ ከ5800ኤክስ 4.7 ያነሰ። ካሹ ግን ከ32 ወደ 96 ሜጋባይት አድጎ ስለነበር በጌም በለጠው። ፍላይት ሲሙሌተር ከዚህ ዓይነት ካሽ ብዙ ከሚጠቀሙት ጌሞች አንዱ ነው፤ የእርስዎ 5600 ያለው 32 ሜጋባይት ነው።

የቺፑ ዝርዝር ሲወጣ የካሹን ድምር ሳይሆን አንድ የኮር ስብስብ ለብቻው የሚያገኘውን ይመልከቱ። 7950ኤክስ3ዲ በድምሩ 128 ሜጋባይት ኤል3 አለው፣ ግን ለሁለት ተከፍሏል፦ አንዱ ስምንት ኮር 96፣ ሌላው ስምንት ኮር 32። ጌሙ በተሳሳተው ወገን ላይ ከወደቀ ጥቅሙ ይቀራል፤ ይህ እንዳይሆን የቺፕሴት ድራይቨር፣ የዊንዶውስ ጌም ባር እና ትክክለኛ የባዮስ ቅንብር አንድ ላይ መሥራት አለባቸው። እርስዎ የጠየቁት ባለ ስምንት ኮር፣ ስብስቡ አንድ ከሆነ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። ለጌም ብቻ ከሆነ ከስምንት ኮር በላይ መክፈል አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ስላይዱ ግርጌ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ከትልቁ ቁጥር በላይ ትናገራለች። በየትኛው ሬዞሉሽን ተለካ? የተወዳዳሪው ቺፕ ራም ስንት ነበር? አንዱ በዲዲአር5-6000 ሲኤል30 (ሲኤል የራሙ የመዘግየት ቁጥር ነው)፣ ሌላው በዲዲአር5-5600 ሲኤል46 ከተለካ ውድድሩ ከመጀመሪያው የተዛባ ነው። የሲኤሉን ቁጥር በ2000 አባዝተው ለፍጥነቱ ቢያካፍሉት የመጀመሪያው 10 ናኖሰከንድ፣ ሁለተኛው 16.4 ናኖሰከንድ ይሆናል። ከዚያ የጌሞቹን ዝርዝር ይዩ። አሥር ጌም ተለክቶ ዘጠኙ 6 በመቶ፣ አንዱ 90 በመቶ ቢጨምሩ ተራ አማካዩ 14.4 በመቶ ነው፣ በጂኦሜትሪክ አማካይ ቢሰላም 12.4 ይሆናል። የአብዛኛው ጌም እውነት ግን 6 ነው። «እስከ» የሚል ቃል ያለበትን ቁጥር እንዳልተጻፈ ይቁጠሩት።

አስቀድሞ ማዘዝን የማልመክረው በፍጥነቱ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያ ወራት ባዮስ ብዙ ጊዜ ያልበሰለ ነው። በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ቺፖች ከነሶኬታቸው ተቃጥለው፣ ኤኤምዲ የኤስኦሲ (የራም መቆጣጠሪያው ያለበት የቺፑ ክፍል) ቮልቴጅ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ በባዮስ ገደበ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ አንዳንድ ቺፖች ከመጠን ባለፈ ቮልቴጅ እየደከሙ ጌም ሲዘጋባቸው ቆይተው መፍትሔው የመጣው ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በወጡ የማይክሮኮድ ማሻሻያዎች ነው። ግምገማ ሳይወጣ የሚከፈል ገንዘብ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ግምገማው ከወጣ በኋላ ሦስትና አራት ሳምንት መታገሥ የሚያስቀርብዎ ነገር የለም።

ግምገማው ሲወጣ ብዙ ሰው «በ1080ፒ የተለካ ለእኔ ለ1440ፒ ምን ይሠራል» ይላል። የሚሠራው ለዚያ ነው፦ ካርዱን ከመንገድ አውጥቶ የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ያሳያል። ከግምገማው የሚፈልጉት ፍሬሙን ራሱን ሳይሆን ንጽጽሩን ነው። በፍላይት ሲሙሌተር አዲሱ ቺፕ 5600ን በስንት እጥፍ በለጠ? 5600 በሰንጠረዡ ከሌለ በሁለት እርምጃ ይሂዱ። አንድ የቆየ ግምገማ 5800ኤክስ3ዲ ከ5600 1.3 እጥፍ ነው ካለ፣ አዲሱም ከ5800ኤክስ3ዲ 1.35 እጥፍ ከሆነ፣ 1.3 በ1.35 ሲባዛ 1.755 ነው። የእርስዎ ጣሪያ 49 ከነበረ ወደ 86 ይወጣል። የካርድዎ ጣሪያ 80 ስለነበር የሚያገኙት 80 አካባቢ ነው። ሁለቱ ግምገማዎች የተጠቀሙት የጌም ስሪት የተለያየ ከሆነ በስሌቱ ላይ አሥር በመቶ ያህል ይጠራጠሩ።

የ«1 በመቶ ዝቅተኛ» ቁጥሮችን ከአንዱ ገምጋሚ ወደ ሌላው አያሻግሩ። አንዳንዱ መሣሪያ ከመጥፎዎቹ 1 በመቶ ፍሬሞች አማካይ ያወጣል፣ ሌላው 99ኛውን ፐርሰንታይል፣ ማለትም 99 በመቶው ፍሬም የማይወርድበትን ድንበር፣ ይወስዳል፤ ስሙ አንድ፣ ስሌቱ ሁለት ነው። በአንድ ገምጋሚ ሰንጠረዥ ውስጥ ግን ከአማካዩ በላይ ዓይንዎን እዚያ ላይ ያኑሩ፣ በተለይ ለካውንተር-ስትራይክ። 165 ኸርዝ ለአንድ ፍሬም የሚሰጠው 6.1 ሚሊሰከንድ ነው፤ አማካይዎ 250 ሆኖ ጭስ ሲፈነዳ ወደ 110 ከወረደ፣ ፍሬሙ 9.1 ሚሊሰከንድ ወሰደ ማለት ነውና ሲተኩሱ የሚሰማዎ ያ ነው።

ውሳኔው ከልኬትዎ ይወጣል። በሁለቱም ጌሞች ካርዱ 97 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ገንዘቡ የካርድ እንጂ የፕሮሰሰር አይደለም። ፍላይት ሲሙሌተር ብቻ የታነቀ ከሆነ፣ የማዘርቦርድዎ ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚገጠምበት) ኤኤም4 ነውና 96 ሜጋባይት ካሽ ያለውን 5700ኤክስ3ዲ ወይም 5800ኤክስ3ዲ ከነዋስትናው ማግኘት ከቻሉ፣ ባዮስ አሻሽሎ እሱን መግጠም ለ3070 የተመጠነ መፍትሔ ነው፤ ማዘርቦርድም ራምም አይቀየርም። አዲሱ ቺፕ ትርጉም የሚኖረው በቅርቡ ካርዱንም ሊቀይሩ ካሰቡ፣ ወይም ካውንተር-ስትራይክን ከ165 ኸርዝ በላይ በሆነ ሞኒተር የሚጫወቱ ከሆነ ነው። ያኔ ማዘርቦርድና ዲዲአር5 ራም አብረው እንደሚገዙ አስቀድመው ይደምሩ።

አዲሱ በኤኤም5 ሶኬት የሚመጣ ከሆነ ራሙን ሁለት ስቲክ፣ 6000 ሲኤል30 ያድርጉት። አራት ስቲክ ሲገጠም ይፋው የድጋፍ ፍጥነት ወደ 3600 ይወርዳል። ማቀዝቀዣዎ ከኤኤም4 የፋብሪካ የጀርባ ሳህን ጋር የሚታሰር ከሆነ በኤኤም5 ላይም ይገጥማል፤ የራሱን ሳህን የሚጠቀም ከሆነ ግን የኤኤም5 ሳህን ስለማይነቀል መለዋወጫ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ከቺፑ በፊት የተመረተ ማዘርቦርድ ባዮሱ አዲሱን ላያውቀው ስለሚችል ባዮስ ፍላሽባክ (ባዮሱን ያለ ፕሮሰሰር የሚያሻሽል ቁልፍ) ያለውን ይምረጡ፦ ፋይሉ በማኑዋሉ በተጻፈው ስም በፋት32 ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ ባለ 24 ፒኑና የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ገመድ ይሰካል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ መብራቱ ብልጭታውን እስኪያቆም ኃይል አይቋረጥም። ከዚያ የመጀመሪያው ማብራት ራሙን ሲያሠለጥን (የሚስማማውን ቅንብር ሲሞክር) ብዙ ደቂቃ ጥቁር ስክሪን ሊያሳይ ይችላል። ሞተ ብለው አያጥፉት።

5600ውን ሲያወጡ ጌም አሥር ደቂቃ አስሂደው ፓስታው ሲሞቅ ያጥፉና ማቀዝቀዣውን ግራና ቀኝ ጠመዘዝ እያደረጉ ያላቅቁት፤ ቀጥታ ከሳቡት ቺፑ ተጣብቆ ከሶኬቱ ይነቀልና ፒኖቹ ይታጠፋሉ። ከሁሉም በፊት የዊንዶውሱን የቢትሎከር (የዲስክ መቆለፊያ) መክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ወይም ሌላ መሣሪያ ላይ ይያዙ። የኢንክሪፕሽኑ ቁልፍ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ኤፍቲፒኤም (የደኅንነት ክፍል) ስለሚጠበቅ፣ ፕሮሰሰሩ ሲቀየር፣ አንዳንዴም ባዮስ ሲሻሻል፣ ዊንዶውስ ያንን ባለ 48 አኃዝ ቁጥር ይጠይቃል፤ ከሌለዎት ዲስኩ አይከፈትም።